ሶፍትዌሩ ሳይወስንልን

ይህ ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ላይ ሙዚቃ ለሚሠሩና መሥራት ለሚፈልጉ ወጣቶች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። መሐል ላይ የተነሱትን ጥያቄዎች እዚያው ቦታቸው ላይ ትቻቸዋለሁ። ከአንድ አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሙዚቃ በኮምፒውተር መሥራት የጀመሩ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?" ብለው ነው። ትንሽ ከተጫወትን በኋላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ይሄኛውን የሚጠይቁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። "በኮምፒውተር የሠራሁት ነገር ከምር ሙዚቃ ነው?" ይላሉ። ጥያቄው ከራሳቸው የመነጨ አይመስለኝም። አንድ ቀን አንድ ሰው ቅስማቸውን ሰብሯል። አባት "ቁልፍ መነካካት ነው እንጂ ይሄ ምኑ ሙዚቃ ነው" ብሎ ይሆናል። ወይ ዕድሜውን በባንድ ያሳለፈ ባለሙያ "እሱ ምን ሠራ? ማሽኑ ነው የሠራው" ብሎ ይሆናል።

ሁለቱን ጥያቄዎች አብሬ ነው የምመልሳቸው። መነሻቸው አንድ ነውና። ሶፍትዌር የአንድን ሥራ ክብር አይቀንስም፣ አይጨምርምም። ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃም አይደለም። እናንተ ያልወሰናችሁትን ሁሉ እሱ ይወስንላችኋል። ሥራው የእናንተ መሆን አለመሆኑ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

በዚሁ ከተማ ልጅ ልጀምር።

ኃይሉ መርጊያ በ1946 የተወለደው እዚህ ደብረ ብርሃን ነው። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አኮርዲዮን ራሱን አስተማረ፣ ኦርጋን ጨመረበት፣ ከዋልያስ ባንድ ጋርም በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወተ። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። ባንድ የለም፣ ድራመር የለም። አኮርዲዮኑን ይዟል። ዙሪያውን በሮድስ ፒያኖ፣ በሙግ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ ነው) እና በድራም ማሽን ሞላው። አንዱን ይቀዳል፣ በላዩ ሌላውን ይደርባል። ዛሬ እናንተ መኝታ ክፍላችሁ ውስጥ በላፕቶፕ የምትሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

እንዲህ ቀድቶ ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣ። ኃይሉን የማያውቁ ሰዎች በየአህጉሩ አዳመጡት። እሱ በእነዚያ ዓመታት በዋሽንግተን አቅራቢያ ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ እስኪደርሰው ድረስ እያወጣ ይለማመድ ነበር። እዚህች ላይ ትንሽ ቆም በሉ። በድራም ማሽን የሠራ ሰው ነው፣ ሆኖም በየቀኑ ይለማመድ ነበር። ማሽን መጠቀም ከልፋት መሸሽ ነው ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ካሴቱን ስትሰሙት ድራም ማሽኑ ድራም ማሽን መሆኑን አይደብቅም። ሳይዛነፍ ይመታል። አኮርዲዮኑ ግን በላዩ ላይ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ይተነፍሳል። ውበቱ ያለው በሁለቱ መሐል ባለው ልዩነት ነው። ያን ልዩነት የመረጠው ሰውዬው ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት አልመጣም።

የሸዋ ሰው ካነሳሁ አይቀር ይፋት የተወለደውን ጌታቸው መኩሪያንም ላንሳ። ሳክስፎን አዶልፍ ሳክስ የሚባል የቤልጅግ ተወላጅ በ1846 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት መሣሪያ ነው። ለኦርኬስትራና ለወታደር ባንድ ነበር የታሰበው። ጌታቸው አንስቶ ሽለላና ፉከራ አስጮኸበት። ጀግና ደረቱን ነፍቶ የሚጮኸውን ጩኸት በሳክስፎኑ አወጣው። መሣሪያው የእኛ አልነበረም። የተነፋበት ነገር የእኛ ነው፣ ያውም የእኛ ብቻ።

ታሪካችንም እንዲህ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያዎች መጡ። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የነሐስ ባንድ መሠረቱ። አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱን ነው። ከዚያ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኦርጋን እያለ ቀጠለ። "የእኛ ሙዚቃ በባህል መሣሪያ ብቻ ነው" የሚል ሰው ከእናቱና ከአባቱ ጊዜ ዘፈኖች ግማሹን መተው አለበት። እሱም አይተዋቸውም። ይወዳቸዋል።

አንድ የውጭ ታሪክ ልጨምርና ወደ ዋናው ልግባ። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ቲአር 808 የሚባል ድራም ማሽን አወጣ። ድምፁ እውነተኛ ድራም አይመስልም ተብሎ ብዙ ሰው አልወደደውም። በ1983 ማምረቱን አቆሙ። ያገለገሉት በርካሽ ሲሸጡ ገንዘብ የሌላቸው ልጆች ገዟቸው። ያ "አይመስልም" የተባለው ወፍራም ምት ዛሬ በስልካችሁ ከምትሰሟቸው የሂፕ ሆፕ ዘፈኖች ስንቱ ውስጥ አለ! ዋጋውን ያወጣው ርካሹን ዕቃ አንስቶ ጆሮውን የተጠቀመው ልጅ ነው።

እስካሁን ሶፍትዌሩን ስከላከልለት ቆየሁ። አሁን ልክሰሰው።

አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱ። ገና አንድ ድምፅ ሳታወጡ ብዙ ነገር ተወስኖ ይጠብቃችኋል። ፍጥነቱ በብዙዎቹ ላይ በደቂቃ 120 ምት ነው። ምቱ 4/4 ነው። አንዱ ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ እኩል 12 ቦታ ተከፍሏል። "ላ" 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ላይ ተቀምጧል። የምትጽፉት ኖታ ሁሉ ሶፍትዌሩ ካሰመረው የምት መስመር ጋር እንዲጣበቅ ታዟል። እነዚህን ማን ወሰናቸው? ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች። ለማን? ለአካባቢያቸው ሙዚቃ። በዚህ አልወቅሳቸውም። መንዝን አያውቁትም። እኛ ግን እናውቀዋለን፣ እናም መቀየር የእኛ ሥራ ነው። "አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት" ይባል የለ? አያያዛችንን ካላስተካከልን የሚቀማው ዜማችን ነው።

ከምቱ ልጀምር። ችክችካን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትከሻችሁ ያውቀዋል። በኖታ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ 6/8 ነው። ስድስቱ ምት አንዴ ሦስት ሦስት ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዴ ሁለት ሁለት ሆኖ ለሦስት የተከፈለ ይመስላል። እጅ በእጅ ላይ እየተሻማ ነው የሚሄደው። ሰፊው ምት ሁለት ነው ስትሉ ሦስት ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ልጅ በስልኩ የሠራውን ቢት አሰማኝ። የእስክስታ ዜማ ነው፣ ግን ትከሻ አይነቃም። ምን እንደጎደለ እሱም አላወቀውም። ፕሮጀክቱን ሳየው ዜማውን በ4/4 ላይ በጉልበት ዘርግቶታል። ሦስት መሆን ያለበት አራት ሆኗል። ወደ 6/8 ቀየርነው። ቀጥሎ መስመር ላይ የማጣበቂያውን ትእዛዝ አጠፋንና ከበሮውን በጣቱ እንዲመታው አደረግሁ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተንገዳገዱ። ከዚያ አንዱ ገጠመ። ልጁ ወንበሩ ላይ ሆኖ ትከሻው ተነሳ። ሶፍትዌሩ ያው ሶፍትዌር ነው፣ ስልኩም ያው ስልክ።

ቅኝቱ ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር።

አራቱን ቅኝቶች ታውቃላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ። በፒያኖ ሲጻፉ ወረቀቱ ላይ ልክ ይመስላሉ። አንቺ ሆዬን ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ብለን እንጽፈዋለን። በኪቦርድ ስትመቱት ግን "ይመስላል" እንጂ አይሆንም። የኪቦርዱ 12 ቦታዎች እያንዳንዳቸው መቶ ሴንት በሚባል እኩል ልክ የተራራቁ ናቸው። አዝማሪ የሚቃኘው በጆሮው ነው። አንዳንዱን ድምፅ ከኪቦርዱ ቦታ ትንሽ ዝቅ፣ አንዳንዱን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ስህተት አይደለም። ቅኝቱ ነው።

ከመንዝ የመጡ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ለመቅረጽ ስቱዲዮ የገባንበትን ቀን ልንገራችሁ። ስቱዲዮ ስላችሁ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የዚሁ ከተማ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ። ጠዋት ነበር፣ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ አላልተውታል። ጋሼ መጀመሪያ ከሰል አስመጡ። ቆዳውን ከሩቁ አሞቁት፣ በጣታቸው መታ መታ አድርገው አዳመጡት፣ መልሰው አሞቁት። ቀጥለው ከኪሳቸው እጣን አውጥተው የደጋኑን ጭራ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሹት። ከዚያ መቃኛውን በጣም ትንሽ አዞሩና አንድ ረጅም ድምፅ ሳቡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኮምፒውተሩ በርቶ ይጠብቃል።

ቀራጩ ልጅ የመቃኛ ሶፍትዌር ከፍቶ ነበር። መብራቱ ቀይ ሆነ። "ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት" አለ። ከፍ አደረጉት። አረንጓዴ ሆነ። እሳቸው አንቺ ሆዬ ጀመሩ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደጋኑን አነሱት።

"ልጄ፣ ዜማው ሸሸብኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ልክ ነው ይላል።"

"እሱ የሚለውን እሱ ይዝፈነው።"

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ነገሩን እንደነበረ ነው የነገሩን። ኮምፒውተሩ የራሱን ቅኝት ነው የሚያውቀው። እናም መቃኛውን ዘጋነው። እሳቸው በራሳቸው ቃኙ፣ በራሳቸው ተጫወቱ፣ ቀረጽናቸው። ሥራው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በቅንብሩ ውስጥ ሲንተሳይዘር ማስገባት እንፈልጋለን፣ ከማሲንቆው ጋር ግን ይጣላል። ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው ማሲንቆውን በድምፅ ማረሚያ እየጎተቱ ኪቦርዱ ላይ ማስቀመጥ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው ሲንተሳይዘሩን ወደ ማሲንቆው መቃኘት።

ሁለተኛውን መረጥን። ሰርጅ ኤክስቲ የሚባል ነፃ ሲንተሳይዘር አለ፤ ቅኝቱን ራሳችሁ ጽፋችሁ ልትሰጡት ትችላላችሁ። የእያንዳንዱን ቦታ ልክ በሴንት ታስገቡለታላችሁ። ይህ ድምፅ 20 ሴንት ይውረድ፣ ያኛው 15 ይውጣ እንደማለት ነው። እየሰማን፣ እያስተካከልን፣ ጋሼን እየጠየቅን አስማማነው። ምሽቱን ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ሲንተሳይዘሩ ከማሲንቆው ጋር ሲያዜም ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። ጋሼ ብቻ "እንዲህ በለኝ!" አሉ።

ልብ በሉ፣ ያን ቀን ዜማውን ሊገድል የነበረውም ሶፍትዌር ነው፣ ያዳነውም ሶፍትዌር ነው። ልዩነቱ ማን ማንን ይከተል የሚለው ላይ ነበር። ስለዚህ "ሶፍትዌር የጥበብን ዋጋ ይነካል ወይ?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ "በቅንብሩ ውስጥ ማን ለማን ተቃኘ?" ብዬ ነው መልሼ የምጠይቃችሁ።

ድምፅ ማረሚያን ካነሳሁ ስለ አውቶ ቲዩን ትንሽ ልበል። በ1997 ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል ሰው ነው። ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የመሬት ውስጥ ሞገድ የሚተነትን ባለሙያ ነበር። ዕውቀቱን ወደ ድምፅ አመጣው። እኔ አውቶ ቲዩንን አልጠላም። ነገር ግን ውስጡ ሁለት ወሳኝ ነገሮች አሉ፤ በምን ፍጥነት ያርም፣ ወደ የትኞቹ ድምፆች ያርም። ፍጥነቱን እስከ ጥግ ወስዳችሁ በ12ቱ ላይ ከለቀቃችሁት እንጉርጉሮን ይገድለዋል። የእኛ ዘፋኝ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ይንሸራተታል፣ ይርገበገባል፣ መሐል ላይ ይቆያል። ለሶፍትዌሩ ያ ሁሉ ስህተት ነው። አንድ በአንድ ለቅሞ ያስተካክለዋል። ከደረጃ ደረጃ የሚዘል፣ ባዶ ነገር ይወጣል። ብትጠቀሙት ፍጥነቱን ቀንሱት፣ የቅኝታችሁን አምስት ድምፅ ብቻ ስጡት፣ ረጃጅሞቹን ድምፆች ብቻ ይንካ። ዘፋኟ ያረገበገበችበትን ቦታ አትንኩባት። ለዚያ ቦታ ነው የለፋችው።

እዚህ ላይ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ኪቦርዲስት እጁን አወጣ። ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ እየሄደ ሠርግ ይሠራል። "እኛን ባንድ አጠፋችሁ ይሉናል፣ ጥፋቱ የእኛ ነው?" አለ።

ጥያቄው ከባድ ነው። ድሮ አንድ ሠርግ ብዙ ሰው ያበላ ነበር። ዛሬ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ይበቃል። ድራመር፣ ቤዝ ጊታር መቺ፣ ሳክስፎን ነፊ ሥራ አጥተዋል። ይህ እውነተኛ ሐዘን ነው፣ ላቃልለው አልፈልግም። ግን ደጋሹ ባንድ የሚከፍልበት ገንዘብ ስለሌለው የመጣ ነገር ነው። አንተ ላይ የምፈርድበት ምክንያት የለም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ኪቦርዱ ውስጥ ተሞልቶ የመጣውን ስታይል፣ ያንን የተዘጋጀ የድራምና የቤዝ አጃቢ፣ እንዳለ አታጫውተው። እኔ ከመንገድ ላይ ሆኜ የትኛው ስታይል እንደሆነ አውቀዋለሁ። አሥር ዘፋኝ ላይ ያው ቤዝ፣ ያው ድራም፣ ያው ማዞሪያ። ያንን ቤዝ ጥፋና አንድ ጊዜ በግራ እጅህ ምታው። ብዙዎቹ ኪቦርዶች ላይ የእያንዳንዱን ኖታ ልክ ከፍና ዝቅ የምታደርግበት ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ለዓረብ ሙዚቃ የሚጠቀሙበት ነው። ግባበትና ባቲን ቃኝበት። የአንተ ባቲ ይኑርህ። ሰው "ይሄ የእገሌ ኪቦርድ ነው" ብሎ ይለይህ።

የክራርና የማሲንቆ ሳምፕል፣ ማለትም ሌላ ሰው ቀድቶ ያስቀመጠውን ድምፅ፣ ለምትጠቀሙም ያው ነው የምላችሁ። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት አንድ የክራር ድምፅ በስንት ዘፈን ውስጥ እንዳለ አስቡት። ጎረቤታችሁ ክራር የሚመታ ሰው እያለ ያንን ማስገባት ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ "የትኛውን ልጠቀም?" ልምጣ። ፈጠን እላለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው።

ስልክ ብቻ ካላችሁ በስልክ ጀምሩ። ባንድላብ ነፃ ነው። ኮምፒውተር ካላችሁ ኤልኤምኤምኤስ ነፃና ኮዱ ክፍት ነው፤ አርዶርም ኮዱ ክፍት ነው፣ ተዘጋጅቶ ከድረ ገጹ የሚወርደው ግን ትንሽ ክፍያ ይጠይቃል። ኦዳሲቲ ለመቅረጽና ለመቁረጥ ይበቃል። ሪፐር የ60 ቀን ሙከራ ይሰጣል፣ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። ኤፍኤል ስቱዲዮ ቢት ለመሥራት ይመቻል፤ አንዴ ከገዛችሁት ቀጣዮቹን ስሪቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣችኋል። በነፃ ሙከራው ግን ያስቀመጣችሁትን ፕሮጀክት መልሳችሁ መክፈት አትችሉም። ድምፁ ላይ በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት አድማጭ የሚለየው አይደለም። ሁሉም ቁጥር ነው የሚደምሩት። ልዩነቱ የእናንተ እጅ የትኛው ላይ ቶሎ ይሠራል የሚለው ነው። ጓደኛችሁ የሚጠቀመውን ተጠቀሙ። ስትቸገሩ የምትጠይቁት ሰው ጎናችሁ ይኖራል።

ክራክ ላይ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ በሚሰራጨው ሶፍትዌር ላይ ግን ቆም ልበል። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን ክራክ ነክተናል። ዶላር እንደልብ አይገኝም፣ የውጭ ክፍያ ካርድም እንደዚያው፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም ክራክ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ይዘጋና ፕሮጀክታችሁን ይዞት ይቀራል። ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። "ስማችን ይከበር፣ ሥራችን አይሰረቅ" ብለን የምንጮኽ ሰዎች የሌላውን ሥራ ሰርቀን መጀመራችን ያመኛል። ነፃዎቹ ዛሬ በቂ ናቸው። ከምር በቂ ናቸው።

ሌላው፣ ሥራችሁን በአንድ ሶፍትዌር ፋይል ብቻ አታስቀምጡት። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ዓይነት ፋይል አለው፣ ሌላው አያነበውም። ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ፕሮግራም መኖሩን ማንም ዋስ አይሆንላችሁም። አንድ ዘፈን ሲያልቅ ድምፁን፣ ቤዙን፣ ማሲንቆውን፣ ከበሮውን ለየብቻ ዋቭ በሚባለው የድምፅ ፋይል አውጡ። ዋቭ የትም ይከፈታል። የኃይሉ መርጊያ ካሴት ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና የታተመው ቅጂው ስለቆየ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ፣ በራሱ ሴቭ እንዲያደርግም እዘዙት።

ገንዘብ ካገኛችሁ ሶፍትዌር ላይ አታውጡት። መጀመሪያ አንድ ደህና ማይክና አንድ ደህና ሄድፎን ግዙ። የማትሰሙትን ነገር ማስተካከል አትችሉም።

አንዲት ክራር የምትጫወት ልጅ "ክራሩን ትቼ ኪቦርድ ልማር? ስቱዲዮ ውስጥ የሚፈለገው እሱ ነው" ብላ ጠየቀችኝ። እህቴ፣ ኪቦርድ ተማሪ፣ ይጠቅምሻል። ክራሩን ግን አትተዪው። ክራር በቃኘሽ ቁጥር ቅኝቱን አንቺ ነሽ የምትሠሪው። ኪቦርድ ግን ተቃኝቶ ነው የሚመጣው። ያን ጆሮ ይዘሽ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጪ፣ የተሰጠሽን ሁሉ እሺ ብለሽ አትቀበዪም።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነበር። "ግጥም አስገብቼ ሙሉ ዘፈን የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ። እሱስ?" አለ አንድ ልጅ። ከላይ ያልኩትን ይዤ ልመልስ። እዚያ ውስጥ ምን ወሰንክ? ምቱን መረጥክ? ቅኝቱን አዳመጥክ? የትኛው ስንኝ ላይ ድምፁ እንደሚሰበር አንተ ነህ ያልከው? የሚያወጣውን ነገር እንደ ጥሬ ዕቃ ቆራርጠህ፣ ጥለህ፣ ቃኝተህ ከሠራህበት ሥራ ሠርተሃል። ቁልፍ ተጭነህ የወጣውን ስምህን ከለጠፍክበት ግን የሠራኸው ነገር የለም። ይህን የምለው እያዘንኩልህ ነው። በዚያ መንገድ የምታጣው የመሥራትን ደስታ ነው። ያ ደስታ ደግሞ ከዚህ ሙያ የምናገኘው ትልቁ ነገር ነው። ገንዘቡን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ከመለያየታችን በፊት የምጠይቃችሁ ሥራ አለ። በመንዝ፣ በመርሐቤቴ፣ በቡልጋ፣ በምንጃር፣ በአንኮበር ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና የሚጫወቱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የብዙዎቹ ቅኝት የትም አልተቀረጸም። እናንተ ኪስ ውስጥ መቅረጫ አለ። ሂዱና ቅረጿቸው። ስትቀርጹ በዋቭ፣ በ48,000 ኸርዝና በ24 ቢት ይሁን። ድምፅ ማረሚያ አይኑር፣ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋቢያ) አይኑር፣ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) አትስጧቸው። ማይኩን ወደ መሣሪያው ጠጋ አድርጉት፣ ዶሮና ውሻ ከሩቅ ቢሰማ አያስጨንቃችሁ። ቅረጻው ላይ የባለሙያው ስም፣ የመጡበት ቀበሌ፣ የዜማው ስምና ማን እንዳስተማራቸው በራሳቸው አንደበት ይነገር።

መጀመሪያ ግን ፈቃድ ጠይቁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ጋሼ የተጫወቱትን ቆርጣችሁ ቢት ውስጥ ብታስገቡ የእሳቸው መብት አብሮ ይገባል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በወረቀት ጻፉት፣ ገንዘብ ከመጣ ድርሻቸውን ስጡ። የማያነቡ ከሆነ ቃል በቃል አንብቡላቸው።

ከስልክ የተሻለ መቅረጫ ለሚፈልግ ስቱዲዮአችን ውስጥ የምናውሰው አንድ መቅረጫና ሁለት ማይክ አለ። ነገ ጠዋት ኑና ተመዝገቡ። ወደ መንዝ ለሚሄድ ቅድሚያ እንሰጣለን፣ ጋሼም ማንን ማግኘት እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል።